ስልኩ «ራሱን ይቆልፋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ስልኬ ቢሰረቅ ራሱ ይቆለፋል፣ ሌባው ምንም አያደርገውም» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። አቦ፣ ግማሹ ብቻ ነው ልክ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ያወጣው መቆለፊያ አለ። የሚሠራው በእንቅስቃሴ ነው። ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ በር ላይ ቆማችሁ መልእክት ትጽፋላችሁ እንበል። አንዱ ስልኩን መንጭቆ ሮጠ፣ ወይ ባጃጅ ላይ ዘሎ ወጣ። የስልኩ ሴንሰሮች ይህን ድንገተኛ ንጥቂያ ሲያውቁ ስክሪኑን ይዘጉታል። ሌባው እጅ የሚገባው ቴሌብርና ፎቶ የተከፈተበት ሳይሆን የተዘጋ ስልክ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌባውን አይዝም፣ ስልኩንም አያበላሽም። የሚዘጋው ደግሞ በራሳችሁ ፒን ነው። ፒናችሁ 1234 ከሆነ ምን ልበላችሁ!

ቀስ ብሎ ከኪስ የሚመዝ ኪስ አውላቂ ግን መቆለፊያውን ላያስነቃው ይችላል። ስልኩ ከኢንተርኔት ተቋርጦ ሲቆይ የሚቆልፍ ሌላ መቆለፊያም አለ፤ ሁለቱንም አብሩ።

ከስልክ ስልክ የሚለያየው ማብሪያው ያለበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ገብታችሁ «ጉግል» የሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ካጣችሁት ሴቲንግ ላይ «ስርቆት» ብላችሁ ፈልጉ፤ ስልኩ በእንግሊዝኛ ከሆነ «ቴፍት» የሚለውን።

አይፎን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከአይኦኤስ (የአይፎን ሶፍትዌር) 17.3 ጀምሮ የመጣው የስርቆት መከላከያ ንጥቂያ አይቶ አይቆልፍም። ከለመዳችሁት ቦታ ውጭ ሆኖ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ለማየት የሚሞክር ሰው ፊት ወይም አሻራ ይጠየቃል፤ ፒን ብቻ አይበቃውም።