የድሮ የሶል ዘፋኞች ኢንተርቪው ማደስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ሰሞኑን የነማርቪን ጌይ፣ የነአሬታ ፍራንክሊን፣ የእነዛ የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ ዘፋኞች የድሮ ኢንተርቪው «ታድሶ» (ድምፁ ጠርቶ ማለት ነው) እየተባለ በየቦታው ይለቀቃል፣ ብዙዎቹን ሰምቼያቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ እውነቱን ለመናገር ሳይነኩ ይሻሉ ነበር። ችግሩ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም፣ ከመነሻው ኢንተርቪውን እንደ ዘፈን ማየት ነው። ዘፈን እንዲያምር ነው የሚታደሰው፣ ኢንተርቪው ግን ሰውዬው ምን እንዳለና እንዴት እንዳለው ማስረጃ ነው፣ እዚህ ጋ ከተሳሳትን ሌላው ስህተት ሁሉ ተከታትሎ ይመጣል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

«እነሱ እኮ ታዋቂ ናቸው፣ ሁሉም ነገር የሆነ አርካይቭ ውስጥ በደንብ ተቀምጧል» የሚለው በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ቴፕ ውድ ነበር፣ ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ እላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል፣ ቢቢሲን የሚያክል ድርጅት እንኳን በዛ ዘመን ስንት ፕሮግራሙን በገዛ እጁ አጥፍቷል። የሜምፊሱ ደብሊው ዲ አይ ኤ ሬዲዮ ደሞ ለሶል ዘፋኞች ቤታቸው ማለት ነበር፣ ሩፈስ ቶማስ ራሱ ዘፋኝም የጣቢያው ዲጄም ነበር፣ ግን በቀጥታ ስርጭት የተወራ ነገር ካልተቀዳ በዛው ቀረ። ሳም ኩክ በ1964 ሲሞት 33 ዓመቱ ነው፣ ኦቲስ ሬዲንግ በ1967 አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ገና 26 ዓመቱ ነበር፣ እነዚህ ሰዎች ተረጋግተው የሕይወት ታሪካቸውን ለመተረክ ዕድሜ አላገኙም። በኋላ ካሴት ሲስፋፋ ደሞ ብዙው ኢንተርቪው ለአየር ተብሎ የተቀዳ ሳይሆን ጋዜጠኛው ለጽሑፉ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጣት ትንሽ ቴፕ የተቀዳ ነው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው ጀርባ ባንዱ እየተለማመደ። እና የተረፈውን ስንነካ ተጠንቅቀን ነው መንካት ያለብን፣ ሁለተኛ ኮፒ ላይኖር ይችላላ።

«አሁን ኤአይ አለ፣ አንዴ ተጭነህ ያጠራዋል» የሚለው ደሞ የቢትልስ «ናው ኤንድ ዜን» በ2023 ከወጣ ወዲህ ባሰበት። እዛ ላይ የሆነው እኮ ጆን ሌነን በ70ዎቹ መጨረሻ ቤቱ በካሴት የቀዳውን ድምፅ ከፒያኖው መለየት ነው፣ ድምፁ ካሴቱ ላይ ነበረ። ካሴቱ ላይ የሌለውን ግን ማንም ሶፍትዌር አያመጣውም፣ አመጣሁ ካለ ገምቶ ነው። ለዘፈን ግምት ያስኬድ ይሆናል፣ ሰውዬው የሰው ስም ሲጠራ የተዋጠችውን ፊደል ማሽን ገምቶ ሲሞላት ግን ያላለውን አስባልነው ማለት ነው። ዋናው ሥራ ያለው ኮምፒዩተር ጋ ሳይደርስ በፊት ነው። የማጫወቻው ሄድ፣ ማለትም ቴፑን ነክታ ድምፁን የምታነበው ክፍል፣ ንጹህ መሆን አለበት፣ ከዛ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ እያሉ ማዞር ነው፣ ምክንያቱም የተቀዳበት ቴፕ ሄድና ያንተ ማጫወቻ ሄድ አንግላቸው ትንሽ ከተለያየ እነ «ስ» እና «ፍ» ይደበዝዛሉ። ጆሮ ተጥዶ፣ ድምፁ በጣም ጥርት የሚልበት ቦታ ላይ ማቆም ነው። ይሄን ዘሎ በኋላ በኢኳላይዘር ልሞላው የሚል ሰው የሚያጎላው የቴፑን ሹክሹክታ ነው እንጂ የዘፋኙን ድምፅ አይደለም።

«ጫጫታው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ጥሩ ታድሷል ማለት ነው» — እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። እነዛ ትንንሽ ካሴት መቅጃዎች ድምፅ ራሳቸው ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ነበሩ፣ ሰውዬው ሲናገር ይቀንሳሉ፣ ዝም ሲል ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ዝምታው ላይ ክፍሉ በሙሉ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ማራገቢያው፣ ብርጭቆው፣ በሩ። ብዙ ሰው ደሞ ያችን ዝም ያለበትን ቦታ ለሶፍትዌሩ «ኖይዙ ይሄ ነው» ብሎ ያሳያል፣ ግን እዛ ጋ ያለው ኖይዝ ንግግሩ ስር ካለው ይበልጣል፣ ሶፍትዌሩም ከሚገባው በላይ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ዘፋኙ ከውሃ ስር የሚያወራ ይመስላል። ከዚህ የባሰ ደሞ አለ። የሶል ዘፋኝ ጥያቄ በወሬ ብቻ አይመልስም፣ ቤተክርስቲያን ያደገ ሰው ነው ብዙው፣ «ያቺን ዜማ እንዴት አገኛችኋት?» ስትለው መሃል ላይ ያንጎራጉርልሃል፣ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። ለንግግር ተብሎ የተሠራ ኖይዝ ማጥፊያ ደሞ እንጉርጉሮውን ሙዚቃ ነው ብሎ ያስበዋል፣ ሙዚቃ ለሱ ጫጫታ ነው፣ ያወርደዋል። ከጠቅላላው ቴፕ ውድ የሆኑት አስር ሰከንዶች በዚህ መንገድ ሊጠፉ ይችላሉ። እኔ የምለው በትንሹ ቀንሱ፣ ትንፋሹንም ዝምታውንም አትቁረጡ፣ አሬታን የሚያህል ሰው ስለ አባቷ ተጠይቃ ከመመለሷ በፊት ዝም ካለች ያ ዝምታ መልስ ነው።

ፍጥነት ላይ ያለው ስህተት ብዙም አይወራም፣ ግን ሰዎቹ የራሳቸው ባልሆነ ድምፅ እንዲታወሱ የሚያደርገው እሱ ነው። «ወጣት ስለነበር ነው ድምፁ የቀጠነው» ይባላል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው መሄድ ያለበት፣ ባትሪ ሲደክም ግን ሞተሩ ይዘገያል፣ ቀስ ብሎ የተቀዳ ደሞ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል ይቀጥናል፣ ለዛ ነው አንዳንድ ኢንተርቪው መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ወደ መጨረሻው ሰውዬው የቸኮለ የሚመስለው። ደስ የሚለው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ አጥፋው የሚለው የመብራት ጉርምርምታ (ከኤሌክትሪኩ ቴፑ ላይ የሚገባው ድምፅ) ነው ትክክለኛውን ፍጥነት የሚነግርህ። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፣ ስለዚህ ዲትሮይት የተቀዳ ቴፕ ላይ ጉርምርምታውን 63 ላይ ካገኘኸው ቴፑ 5 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ከግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ልዩነት) ትንሽ ነው የሚያንሰው። አውሮፓ ግን 50 ነው፣ ማርቪን ጌይ በ1981 ቤልጅየም ኦስተንድ ይኖር ነበርና እዛ የተቀዳን ነገር በአሜሪካው ከለካኸው ታበላሸዋለህ። (የኛም አገር 50 ነው፣ አዲስ አበባ የተቀዳ የዘፋኝ ኢንተርቪው ካሴት ቤታችሁ ካለ ይሄው ነገር ይሠራል።) ስለዚህ መጀመሪያ ለኩበት፣ ፍጥነቱን አስተካክሉ፣ ከዛ በኋላ ነው ጉርምርምታው የሚወጣው።

«የድሮ ቴፕ ኦቭን ውስጥ ይጋገራል» የሚባለው እውነትነት ስላለው ነው አደገኛ የሆነው። በተለይ ከ70ዎቹ አጋማሽ እስከ 80ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የሪል ቴፖች (ካሴት ውስጥ ያልገቡ ትልልቅ ጥቅልሎች)፣ እነ አምፔክስ 406 እና 456፣ ማጣበቂያቸው እርጥበት ይመጥና ሲጫወቱ ሄዱ ላይ እየተጣበቁ ይላጣሉ። እነሱን በ54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለ8 ሰዓትና ከዛ በላይ ማሞቅ ለጥቂት ሳምንት ያክል ያጫውታቸዋል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ኮፒ ይደረጋል። ግን የወጥ ቤት ኦቭን ሙቀቱ አይታመንም፣ አይሆንም። የ50ዎቹና የ60ዎቹ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ቴፕ ደሞ ጭራሽ አይሞቅም፣ ይበላሻል። ጥቅልሉን በጎኑ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ነው። ካሴት ላይ ይሄ በሽታ እምብዛም ስለሌለ ካሴት አታሙቁ።

«ኤምፒ3 አድርጌዋለሁ፣ አሁን ካሴቱ ይጣል»፦ አይጣል። በ96 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት ዋቭ (እንደ ኤምፒ3 ያልተጨመቀ ፋይል) አድርጋችሁ ምንም ሳትነኩት አስቀምጡ፣ ሞኖ ከሆነ አንድ ሰዓቱ 1 ጊጋባይት አካባቢ ቢሆን ነው፣ የሚታደሰው ኮፒው ነው፣ ነገ የተሻለ መንገድ ሲመጣ ከዋናው ይጀመራል።

የመጨረሻው «ቴፑ የኔ ነው፣ ስለዚህ የፈለግኩበት እለቀዋለሁ» የሚለው ነው። ካሴቱን መያዝና መብቱን መያዝ ለየቅል ናቸው። በ2018 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዳና ያልታተመ ድምፅ እስከ ፌብሩዋሪ 2067 ድረስ ጥበቃ አለው፣ ባለመብቱም እንደ ሁኔታው ጋዜጠኛው፣ ጣቢያው ወይም ወራሾቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከመልቀቃችሁ በፊት የቀዳውን ሰው ወይም ቤተሰቡን ፈልጉ፣ የዘፋኙንም ቤተሰብ አናግሩ። ካልተሳካላችሁ ደሞ ብሉሚንግተን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃና ባህል አርካይቭ አለ፣ ከ1991 ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚሰበስበው፣ ለነሱ ጻፉላቸው፣ ስትጽፉ ቴፑ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተቀዳ የምታውቁትን ሁሉ ጨምሩበት፣ ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈውንም ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ።