«ክዋኔ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሥነ ቃል ጥናት ተማሪን ከሚያደናግሩ ቃላት አንዱ «ክዋኔ» ነው። ብዙዎች ግጥምን ጮክ ብሎ ማንበብ ይመስላቸዋል። አሜሪካዊው የሥነ ቃል አጥኚ ሪቻርድ ባውማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስቀመጠው መለኪያ ግን ሌላ ነው፦ ተናጋሪው ችሎታውን ለአድማጭ ሚዛን ሲያቀርብና የአቀራረቡን ኃላፊነት ሲወስድ ክዋኔ ይሆናል። «እንዲህ ተብሎ ይገጠማል» ብሎ ስንኙን ለአጥኚ መንገር፣ ቃሉ ያው ቢሆንም፣ ዘገባ ነው።

ልዩነቱ ጥቃቅን ቢመስልም የባህል ጥናት የሚቆመው እሱ ላይ ነው። የሐዘን ግጥም ለቀስተኛ መሃል ሲባል ማን ማንን እንደሚያጽናና፣ ምን በዝምታ እንደሚታለፍ ይታያል፤ መቅረጸ ድምፅ ፊት ሲባል ይህ ሁሉ አይታይም።

አሜሪካውያኑ የሥነ ቃል አጥኚዎች ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዩጎዝላቪያ የቀረጿቸው ዘፋኞችም አንዱን ታሪክ ሲደግሙት ስንኞቹን ይለዋውጡ ነበር። እያንዳንዱ ክዋኔ ራሱን የቻለ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ «ትክክለኛው ቅጂ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም።