የጎፍ፦ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ደን

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ያልወረደ የወሎ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥምዝምዙ ሲበዛ ግማሹ ተሳፋሪ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ያፈጣል። ቀና ብሎ ላየ ግን ከኮምቦልቻ በላይ ደን የለበሰ ተራራ አለ። የጎፍ ይባላል። ስሙ ሙሉውን እንዲሁ ነው፤ ፊት ያለችው «የ» አገናዛቢ አይደለችም።

የጎፍ በደቡብ ወሎ ከተረፉት ጥቂት የደጋ ደኖች አንዱ ነው። በደርግ ዘመን ቅድሚያ ጥበቃ ይገባቸዋል ተብለው በአገር ደረጃ ከተለዩት 58 ደኖች መካከልም ተቆጥሯል። ግርጌው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ነው፤ አናቱ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ከወይና ደጋ የተነሳ እግረኛ እኩለ ቀን ላይ ደጋ ውስጥ ነው። ከታች በሸሚዝ የጀመረ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

ስለ ወሎ ደን ሲወራ «ድሮ ሁሉም ጫካ ነበር፣ በእኛ ዘመን ጠፋ» የሚል ነገር ይደጋገማል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ጣሊያን በገባበት ዘመን አካባቢ የተነሱ የወሎ ፎቶዎችን ይዞ፣ ከ60 ዓመት ግድም በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆሞ አነሳቸው። ጥናቱ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በብዙዎቹ ቦታዎች አዲሱ ፎቶ ላይ ያለው ዛፍ ከድሮው ይበልጥ ነበር። በእርግጥ አብዛኛው ጭማሪ ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ቢሆንም የወሎ ገበሬ ዛፍ ከመቁረጥ ሌላ አያውቅም ለሚሉ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ከ1977ቱ ረሃብ በፊትም በኋላም በወሎ ብዙ ተራሮች ለከብትና ለእርሻ ተዘግተው ነበር። ሰው በእህል ክፍያ እየሠራ እርከን አወጣ፣ ችግኝ ተከለ። ተራራው አረንጓዴ ሆነ። ገበሬው ግን ግጦሹን አጣ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው መጥረቢያ የተነሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። ደኑን ስናደንቅ ይህን ብንረሳ እናጠፋለን።

ኮምቦልቻ ለዚህ ተራራ ባለዕዳ ናት። ከተማዋ ያለችው ከዳገቱ ግርጌ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ተራራው ራቁቱን ቢሆን ኖሮ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይደረመስ ነበር። የዛፉ ቅጠል ጉልበቱን ይሰብረዋል፣ የረገፈው ብስባሽ ይመጠዋል፣ ሥሩ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። የቀረው ቀስ እያለ ወደ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከናም ውሃውን ይዞ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ለመሄድ ካሰባችሁ ምልክት የተተከለበት መንገድ አትጠብቁ። ያለው እረኛና ከብት የረገጠው የእግር መንገድ ነው፤ ብዙ ቦታ ለሁለት ይከፈላል። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ የደን ጠባቂ ካገኛችሁም አስፈቅዱ። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ክረምት ያንሸራትታል፣ ጉሙም መንገድ ያስታል። የምትጠጡትን ውሃ ከታች ይዛችሁ ውጡ። እሳት በፍጹም አታንድዱ፣ የደረቀ ጽድ አንዴ ከተያያዘ አይመለስም። ሳይመሽ መውረድ ነው፤ ጅብ አለ። በቀን ጦጣ አይጠፋም። ድኩላ ለማየት ግን ድምፅ ማጥፋትና ዕድል ይጠይቃል።

መግቢያው ላይ የሚቀበላችሁ ክትክታ፣ አጋምና ቀጋ ነው። አጋሙ ጥቁር ሲሆን ይበላል፤ እረኞቹ ይቀድሟችኋል እንጂ። ከዚያ ነባሩ ደን ይመጣል፣ ጽድና ወይራ። የጽድ ቅርፊት በቀጭን በቀጭኑ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ከቅርንጫፉ ደግሞ የዛፍ ሽበት ይወርዳል። ጽድ ወንድና ሴት አለው፣ የምታፈራው ሴቷ ናት። ፍሬዋ ከአተር አይበልጥም፤ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣታችሁ ጨፍልቁትና አሽትቱት፣ ሽታው ቤት ድረስ ይከተላችኋል። ወይራውን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ በጭሱ የወተት ዕቃ ሲታጠን ያላሸተተ ማን አለ?

ትንሽ ስትሄዱ ጫካው ድንገት ይለወጣል። ዛፎቹ በረድፍ ይቆማሉ። የተተከለው ፈረንጅ ጽድ ነው፣ ከወደ ሜክሲኮ የመጣ። ነባሩ ደን ውስጥ ሐረግና ቁጥቋጦ እግር ይይዛል፤ እዚህ ግን የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው፣ ስትረግጡት ስፖንጅ ይመስላል። ወፉም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይህን ፎቶ አንስቶ «የጎፍን አየሁ» ብሎ ይመለሳል። እኔ ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር እመርጣለሁ። እዚያ ቁጭ በሉና መሬቱን እዩ። ከረድፉ መሐል፣ ፀሐይ ቀዳዳ ያገኘችበት ቦታ፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ የወይራ ችግኝ ታገኛላችሁ። ማንም አልተከላትም፤ ፍሬውን በልታ እዚያ የጣለች ወፍ ናት ያመጣቻት። ስትነሱ እንዳትረግጧት።