በካንሰር ሕክምና ወቅት ምግብና የታማሚው ስሜት

ካንሰር የሚታከም ሰው ምግብ ሲጠላ ቤተሰቡ ይጨነቃል። "እስቲ አንድ ጉርሻ፣ በሞቴ!" ይባላል። ልመናው ከፍቅር ነው፤ ታማሚው ግን እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ኬሞቴራፒ (ኬሞ)፣ ማለትም ካንሰርን የሚያጠቃው የመድኃኒት ሕክምና፣ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሲያጠቃ የአፍና የአንጀት ሽፋንንም ይጎዳል። አፍ ይቆስላል፣ የሚበላው ሥጋ ብረት ብረት ይላል። በርበሬ የበዛበት ወጥና የኮመጠጠ እንጀራ ያቃጥላሉ። ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ብቻ ሊያቅለሸልሽ ይችላል።

የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር መመሪያ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው በአንድ ማዕድ አይሞላም። በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይሻላል፦ በወተት የተሠራ አጥሚት፣ አልጫ ሽሮ፣ አቮካዶ፣ የለውዝ ቅቤ። ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ሽታው ይቀንሳል። ከበሽታ ተሕዋስያን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ግን ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅሩ። "ስኳር ካንሰሩን ያፋፋዋል" ተብሎ የሚበላውን ሁሉ መከልከል ደግሞ የከሳውን ሰው ይብስ ያከሳዋል።

ጾም ሲገባ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቀላለች፤ ሆኖም ወተት መጠጣት እንደ ኃጢአት የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ የንስሐ አባት ቃል ከሐኪም ምክር በላይ ልብ ያሳርፋል።

የልብ ነገር ከሆድ አይለይም። ድብርት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቤተሰብ "ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሩት" ብሎ ሐኪሙን ሲማጸን ታማሚው ከሹክሹክታው ይደርስበትና ፍርሃቱን ብቻውን ይሸከማል። እኔ ይህን መደባበቅ ከሁሉም የከፋ ሸክም አድርጌ አየዋለሁ።

ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ደግሞ ናፍቆቱ ይጨመራል። የጨረር ሕክምና ለዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ ብዙዎች ከልጆቻቸውና ከጓዳቸው ርቀው አዲስ አበባ ለሳምንታት ይቆዩ ነበር። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለእንዲህ ዓይነት ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃል።

ክብደት በየሳምንቱ ቢመዘን መልካም ነው። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ወይም ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቅ ካለ ለሐኪሙ ይነገር። የማቅለሽለሽ መድኃኒት አለ፤ የድብርት ሕክምናም ከኬሞው ጎን ለጎን ይሰጣል።