የ40 ኸርዝ የድምፅ ምት ምንድን ነው?

ስለ መርሳት በሽታ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ «40 ኸርዝ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ማንኛውም ጉርምርምታ የአንጎል ሕክምና ተደርጎ መቅረቡ እየተለመደ መጥቷል። አንድ አስተያየት ሰጪም «ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ወደ አንጎል ጠልቆ ይገባል» ሲል አስረድቷል፤ ማብራሪያው ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

ኸርዝ አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይናገራል እንጂ የሚደጋገመው ምን እንደሆነ አይናገርም። ከበሮ ሲመታ ድምፁን የሚያቀጥነው ወይም የሚያወፍረው የቆዳው ውጥረት ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚወስነው ግን የመቺው እጅ ነው። ስለ መርሳት በሽታ በተደረገው የድምፅ ምርምር 40 የተባለው የእጁ ፍጥነት ነው። በ2019 በሴል መጽሔት በወጣው፣ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የሙከራ አይጦቹ የሰሙት 10,000 ኸርዝ የሆነ እጅግ ቀጭን ድምፅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምት አንድ ሚሊሰከንድ ብቻ እየቆየ በየ25 ሚሊሰከንዱ ይደገም ነበር። በቀን አንድ ሰዓት፣ ለሰባት ቀናት ካሰሟቸው በኋላ በመስማትና በማስታወስ የአንጎል ክፍሎቻቸው ውስጥ የአሚሎይድ (በመርሳት በሽታ ጊዜ በአንጎል ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ክምችት ቀንሶ ተገኝቷል። ሳይቆራረጥ የሚያጉረመርም የ40 ኸርዝ ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ለሁለቱ ጆሮዎች የተለያየ ድምፅ በማሰማት በልዩነቱ ምት የሚፈጥረው ዘዴም እንዲሁ።

አንጎል ምቱን መከተሉ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገዱ ከምቱ ጋር እኩል መሄዱ፣ ራሱ አዲስ ግኝት አይደለም። ይህ ምላሽ በሰው ላይ ከ1981 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ እኛ የመስማት ባለሙያዎች ሰው ምን ያህል እንደሚሰማ ለመገመት እንጠቀምበታለን። ከበሮውን ተከትለው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ምቱን መስማታቸውን አሳዩ እንጂ ከሕመማቸው ዳኑ አይባልም፤ ራስ ላይ በሚለጠፍ መቅጃ (ኤሌክትሮድ) የተመዘገበ የ40 ኸርዝ የአንጎል ሞገድም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይሆንም። በታማሚዎች ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች በርካቶቹ ብርሃንንና ድምፅን አጣምረው የሰጡ በመሆናቸው፣ ለውጥ ሲታይ እንኳ የድምፁን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ድምፅ ብቻውን የሰውን የመርሳት በሽታ ያስቆማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

በዕድሜ መግፋት ቀድሞ የሚዳከመው ቀጭን ድምፆችን የመስማት ችሎታ ነውና፣ ብዙ አረጋውያን አይጦቹ የሰሙትን ድምፅ ከነጭራሹ ላይሰሙት ይችላሉ። የመስማት ችግር ራሱ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊታከሙ ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ጆሮው ሳይመረመር ድምፅ የሚታዘዝለት አረጋዊ መኖሩ ያሳዝነኛል። «አልሰማ አለኝ» ሲል ድምፁን ከፍ ማድረግ ደግሞ የቀረውን የመስማት ችሎታ ሊጎዳ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው የመስማት ምርመራ፣ እንደ ውጤቱም የመስሚያ መሣሪያ ነው።