የጠጠር መንገድ ሳይክል በወሎ፦ ከፍሬም እስከ ጎማ

ወሎ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ወጣ ካሉ ኮረኮንች ነው። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው ዳር ሲወረድ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ወደ ገጠሩ ሲታጠፍ፣ ከጉጉፍቱ አካባቢ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ መንገዱ ጠጠርና አቧራ ይሆናል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ተብሎ የሚሠራ ሳይክል አለ፤ ግራቭል ይሉታል። ቁመናው ወደ ኮርሳ፣ ማለትም ወደ አስፋልት ውድድር ሳይክል፣ ያደላል። ጎማው ግን ወፈር ያለ፣ ማርሹም ለዳገት የቀለለ ነው።

ቀደም ብሎ የተወለደው ዘመዱ ሳይክሎክሮስ ይባላል። ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ፓሪስ ላይ ተጀመረ። ውድድሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተወዳዳሪዎቹ በጭቃ፣ በሣርና በአሸዋ ላይ ይዞራሉ፤ መሰናክል ሲገጥማቸው ወርደው ሳይክሉን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። የጎማው ስፋት በደንብ ተወስኗል፤ ከ33 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ግራቭል ገና ወጣት ነው። ስሙን ካስጠሩት ውድድሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ የተጀመረው የ320 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 ጣሊያን ውስጥ ተካሄደ። ጎረቤታችን ኬንያም ከ2021 ጀምሮ ማሳይ ማራ ላይ የራሷ ውድድር አላት። ወሎ የሚያንሰው መንገድ አይደለም።

አዲስ ግራቭል ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ያለው አማራጭ መሥራት ነው። እኔ የምመክረው መነሻ ያገለገለ ባለ 29 ኢንች ማውንቴን ሳይክል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የ29 ኢንች ቸርኬና የኮርሳ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ልክ አንድ ነው፤ ሁለቱም 622 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስሙ ይለያይ እንጂ የአንዱ ጎማ ለሌላው ይገባል። የቆየው ባለ 26 ኢንች 559 ነው። የአባቶቻችን ትልቁ ባለ 28 ሳይክል ደግሞ ብዙውን ጊዜ 635 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 28 የሚል ጽሑፍ አይቶ ጎማ ይገዛል፣ ቤት ሲደርስ አልገባ ይለዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንብቡ።

ፍሬሙ ብረት ቢሆን ይሻላል። አሉሚኒየም ይቀላል፤ ከተሰነጠቀ ግን በየሰፈሩ ብየዳ ቤት የሚድን ነገር አይደለም። ብረት ይበየዳል። ያውም በጥንቃቄ ነው። የሳይክል ቱቦ ቀጭን ስለሆነ የበር ብየዳ ኤሌክትሮድ ይበሳዋል። በናስ የሚበይድ ባለ ኦክስጅን ባለሙያ ፈልጉ። የናስ ብየዳ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቱቦውን አይጎዳውም።

ቀጥሎ ማርሽ። ለወሎ ሳይክል ከሁሉም የሚቀድመው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉጉፍቱ ከ3,000 በላይ ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ጉልበት ቶሎ ያልቃል። ባለ አንድ ማርሹ የድሮ ሳይክል ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ሸጋ ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያሉት ዳገቶች ላይ ግን ጉልበት ይሰብራል። የፊቱ ጥርስ 34፣ የኋላው ትልቁም 34 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። 2.2 ሜትር ማለት ነው። ቀስ ይላል፣ ግን ያወጣል። ከኋላ 34 ስትገጥሙ ማርሽ ቀያሪው እግሩ ረጅም መሆን አለበት። አጭሩ ትልቁን ጥርስ አይችለውም፤ ካቴናውም ይወጠራል።

ካቴና ሲያረጅ ጥርሶቹን ይዞ ይሞታል። ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል። የአንዱን ፒን መሐል ዜሮ ላይ አድርጉና ከፒን እስከ ፒን ያለውን አንድ እያላችሁ 24 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 30.63 ከደረሰ መቀየሪያው ደርሷል። 30.8 ከሆነ ዘግይታችኋል፣ ጥርሶቹም አብረው ሳይበሉ አልቀሩም።

ፍሬን ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን አልፎ በጥምዝምዝ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቸርኬውን እየጨመቀ የሚይዝ ፍሬን እዚያ ላይ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ካላማዳሪው ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ ሐረጎ ላይ ፍሬኑን ሳልለቅ ብዙ ወርጄ የፊት ጎማዬ ፈንድቷል። እንደ ጥይት ነው የጮኸው። ከኋላዬ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዲስክ ፍሬን እምላለሁ። ዲስኩ የሚግለው ከጎማው ርቆ መሐል ላይ ነው። በዘይት ከሚሠራው ይልቅ በሽቦ የሚሳበውን እመርጣለሁ፤ ሽቦ የትም ይገኛል፣ መንገድ ዳር ይቀየራል። ፍሬሙና የፊቱ ሹካ የዲስክ ማሰሪያ እንዳላቸው ግን ሳይገዙ በፊት ማየት ነው። ከሌላቸው በኋላ መጨመር አስቸጋሪ ነው።

መሪውን በተመለከተ ሰው ሁሉ እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመውን ይፈልጋል። ያምራል፣ ነፋስም ይቀንሳል። ችግሩ የኮርሳ ፍሬን እጀታ የሚስበው ሽቦ አጭር መሆኑ ነው። የማውንቴኑ ባለ ረጅም ክንድ ፍሬን ብዙ ስበት ይፈልጋል። ሁለቱ ሲጋቡ ፍሬኑ በደንብ አይዝም። የማውንቴን ፍሬምም ርዝመቱ የተለካው ለቀጥታው መሪ ነው፤ በተቆለመመው ላይ ወደ ፊት በጣም ትዘረጋላችሁ። ለመጀመሪያው ሥራ ቀጥታውን መሪ ተዉት።

ጎማ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሁን። መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጎኑ ጥርስ ያለው ጥሩ ነው። ለባለ 40 ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ጎሚስታ ቤት ስትገቡ ንገሩት፤ የመኪና ነፋስ ከለመደ እጅ ካላማዳሪ አይተርፍም። ባለ ቀጭን አፍ ቫልቭ ካላችሁ ደግሞ የጎሚስታው የነፋስ ቱቦ አይገጥምለትም። ትንሽዋን የናስ ማገናኛ ኪሳችሁ ውስጥ አትጡ። ወደ ባቲና ከሚሴ ቆላ የሚወርድ ሰው የግራር እሾህ ስለማይምረው ማስቲሽ፣ ቁራጭ ላስቲክና አንድ ትርፍ ካላማዳሪ ይያዝ።

መገጣጠሙ ላይ ሁለት ነገር ይታወስ። የግራ ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው ነው። በብዙዎቹ ፍሬሞች ላይ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት የመሐሉ ኩሽኔታ የቀኙ ኩባያም እንደዚያው ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የታገሉ ልጆች የብሎኑን ጥርስ ሲያበላሹት አይቻለሁ። ግራሶ ቀብታችሁ በእጅ አስጀምሩት፤ በኪያቤ የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ቸርኬ ማቃናት ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እስክሪብቶ ከፍሬሙ ጋር በላስቲክ እሰሩና ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠጉት። ጎማውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሚነካበት ቦታ ላይ አቁሙ። ወደ ግራ ከወጣ የቀኙን የቸርኬ ሽቦ ሩብ ዙር አጥብቁ፣ የግራውን ሩብ ዙር አላሉ። እንደገና አዙሩ። ከሩብ በላይ አትሂዱ። እስክሪብቶው ድምፁን ሲያጠፋ ቸርኬው ቀንቷል።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለሙከራ ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ ጥሩ ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐይቁ ዳር ስትደርሱ አረፍ በሉና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ንኩ። አዲስ የተገጠመ ነገር በመጀመሪያው ኮረኮንች ይላላል። በተለይ የመሪውን፣ የኮርቻውንና የፍሬኑን ብሎኖች ሳትነኩ ወደ ደሴ አትመለሱ።