የቮልስ እድሳት ምንድን ነው?

ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ሁሉ የታደሰ መኪና አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሲያብረቀርቁ ከምናያቸው ቮልሶች መካከል ከሥራቸው ጎንበስ ብሎ ለተመለከታቸው ሰው የሚያሳፍሩ አይጠፉም፤ ከላይ ዓይን የሚስብ ቀይ፣ ከሥር ግን በስቱኮና በሬንጅ የተሸፋፈነ ዝገት። እድሳት የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ያረጀን ተሽከርካሪ መዋቅሩን፣ ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ኤሌክትሪኩንና ገጽታውን ይዞ ባለቤቱ ወደ መረጠው አንድ የታወቀ ዘመን አቋም መመለስ ማለት ነው። ዋናው ቃል «የመረጠው» የሚለው ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በግቢው ውስጥ የሚሠራ ሰው ከመዶሻና ከመበየጃ በፊት የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው፤ ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ፣ ምን ይለወጥ።

በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ፊቫ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪካዊ ይዞታው የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውለውን ነው። በዚህ መለኪያ ብዙዎቹ የእኛ ቮልሶች በመጨረሻው ነጥብ ይወድቃሉ። ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ጤፍ ይጭናሉ፣ ለሠርግ ይታጀባሉ። ከሥራ ገበታቸው ሳይነሡ ነው ያረጁት። ይህ ደግሞ እድሳታቸውን አውሮፓ ውስጥ ጋራዥ ተዘግቶባት ከኖረች መኪና እድሳት የተለየ ያደርገዋል፤ የአዲስ አበባዋ ቮልስ በየዐሥር ዓመቱ የተለያዩ እጆች ጠግነዋታልና።

በነገራችን ላይ ይኸው ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተር፣ ተሽከርካሪው በአገልግሎት ዘመኑ የተደረጉበትን ለውጦች የታሪኩ ምስክሮች አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ የታደሰ መኪና የግድ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን መልክ መያዝ አለበት አይልም። ስለዚህ የሰፈር ባለሙያ ላሜራ ቀጥቅጦ ያወጣው ፓራፋንጎ፣ በቅርጹ ከጀርመኑ ትንሽ ቢዛነፍም፣ መጣል አለበት ማለት አይደለም። እኔ ብሆን ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አልነካውም። በዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ግን ምስክርነቱ ለማንም አይጠቅምም።

ቮልስ ለቤት ውስጥ እድሳት ለምን ተመራጭ ሆነች? አንደኛው ምክንያት ብዛቷ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ቮልፍስቡርግ ላይ በብዛት መመረት የጀመረችው ይህች መኪና በየካቲት 1972 እ.ኤ.አ. የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች። የመጨረሻዋ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ይህን ያህል የተመረተ መኪና መለዋወጫ በቀላሉ አይጠፋም፤ ከሶማሌ ተራ ቢታጣ ከብራዚል ወይም ከሜክሲኮ ይመጣል። ሁለተኛው ምክንያት አሠራሯ ነው። 100 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሞተሯ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነው። የቤንዚን ቱቦው፣ የነዳጅ መስጫው ሽቦና ጥቂት የኤሌክትሪክ ገመዶች ከተፈቱ በኋላ ሞተሩ በክሪክ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ይሳባል፤ የመኪናዋ ጀርባ ከፍ ይደረግና ከሥሯ ይወጣል። ከላይ ያለው አካልም ከወለሉ ጋር በዙሪያው በተደረደሩ ብሎኖች የታሰረ በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። ጉልበት ያላቸው ጥቂት ጎረቤቶች ካሉ ማንሻ ማሽን አያስፈልግም።

ምርመራው የሚጀመረው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መቀመጫው ሲነሣ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። መካከል ላይ፣ ወለሉን ለሁለት በሚከፍለው ጀርባ አጥንት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ በተሠሩት ላይ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው፣ በ117 የሚጀምረው የ1967። ፋብሪካው የሞዴል ዓመቱን የሚቀይረው በነሐሴ ስለነበር የ1968 ሞዴል የሆነች መኪና በ1967 መጨረሻ ተሠርታ ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ሳይታወቅ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቸርኬው እንኳ ባለ አምስት ብሎን ወይም ባለ አራት ብሎን የሚሆነው በዚሁ ዓመት ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ነገር በስተቀኝ ያለው ባትሪ ነው። አሲድ ለዓመታት ሲንጠባጠብበት የኖረ ወለል ከሁሉም ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። ባትሪው ይነሣና ላሜራው በካቻቢቴ ጫፍ ይወጋል። ጤነኛ ብረት ቀጭን፣ የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ አሰምቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንዳንዴም ካቻቢቴው አልፎ መሬት ይነካል። ከዚያ ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር በሁለቱም በኩል የሚሄደው ባዶ ቱቦ መሰል ብረት ይፈተሻል። ከሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ግን ሥራው ማሞቅ ብቻ አይደለም፣ የአካሉ ዋና ድጋፍም ነው። እሱ ከበሰበሰ በሮቹ መዘጋት እምቢ ይላሉ። ሲቀየርም የበሩ ክፍተት አስቀድሞ በብረት ዘንግ ካልተወጠረ አካሉ ይጣመማል፤ አንዴ ተጣሞ የተበየደን አካል ማቃናት ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ ይብሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይወለዳል፦ ወለል፣ ድጋፍ፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ቀለም። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቀለም ለጎረቤት ይታያል፣ ወለል አይታይም። ከቀለም በኋላ የተገኘ ዝገት ግን ሲበየድ አዲሱን ቀለም ያቃጥላል።

ስለ ሞተሩ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ቮልስን በእድሳት ስም የሚያበላሿት በዚህ በኩል ነውና። ሞተሩ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚነፋው ፋን በዲናሞው ጫፍ ላይ የተገጠመ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞውም ፋኑም አብረው ይቆማሉ፣ ቀዩ መብራት ይበራል። በሌላ መኪና ላይ ይህ መብራት «ባትሪህ እየሞላ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ ነው፤ ቮልስ ላይ ግን «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው።

ሞተሩን የሚከቡት ላሜራዎችና በክፍሉ ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያም የአየሩ መንገድ አካል ናቸው። ከላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከሥር ካለው የጋለ አየር ጋር እንዳይቀላቀል ይለያሉ። ሞተሩ በደንብ እንዲታይ፣ ክሮም እንዲያበራ ተብሎ እነዚህ ላሜራዎች ተፈትተው ሲጣሉ ፋኑ ከሥር የጋለውን አየር መልሶ ይስባል። ውበት ፍለጋ ሞተር ማቃጠል ይሉታል ይህን ነው። በቆዩት ሞዴሎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለነበር ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግል ነበር። ፋብሪካው ራሱ በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ዞር አደረገው። ይህን የኋለኛውን አሠራር በቀድሞው ሞተር ላይ መግጠም ከውጭ ምንም የማይታይ፣ ከውስጥ ግን ሞተርን የሚያድን ማሻሻያ ነው።

የቤንዚን ቱቦው ነገርም ቸል አይባልም። ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ በጋለ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ ብዙ ቮልሶች ተቃጥለዋል። የሞተሩ ዋና አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ማግኒዚየም እሳት ከያዘ ውኃ ይብስ ያቀጣጥለዋል። በጥቂት ገንዘብ የሚለወጥ ቱቦ ነው፣ ሥራው በተጀመረ ዕለት ይለወጥ።

ከፍታ ሌላው የእኛ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ሞተሩ በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ጀርመን ላይ 50 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 1600 ሲሲ ሞተር እዚህ ከ40 በታች ይሰጣል ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ግን ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም። ድብልቁ በቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ጭሱ ይከረፋል። መፍትሔው ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቁጥር ትንሽ የነሐስ ብሎን ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር ነው። ይህን ሳያደርጉ «ቮልስ ቤንዚን ትበላለች» ማለት ስም ማጥፋት ይመስለኛል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ደግሞ ዋናውን ብሎን በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ ቆላ ላይ በጠበበው መንዳት ድብልቁ ቤንዚን እንዲያንሰው አድርጎ ሞተሩን ያግላል።

ማሻሻል የሚባለው ከእድሳት ጎን የቆመ ሌላ ፍላጎት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ፣ ከውጭ አሮጌ ከውስጥ አዲስ የሆነ መኪና በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ሬስቶሞድ ይባላል። ክርክሩ ብዙ ነው፤ አንዱ ዋናው ቢነካ ይቆጣል፣ ሌላው 90.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ፒስቶኖች ገጥሞ 1600ውን ወደ 1776 ሲሲ ያሳድጋል። የቶሪኖው ቻርተር የሚያስቀምጠው መመሪያ ለቤት ጋራዥም ይጠቅማል፦ ለውጥ ካስፈለገ ተመልሶ ሊፈታ የሚችል ይሁን፣ የወጣው ዋና ዕቃም ከመኪናው ጋር ይቀመጥ። በብሎን የሚገባ በብሎን ይወጣል። ፓራፋንጎ ቆርጦ ሰፊ ጎማ ማስገባት ግን መመለሻ የለውም።

ከማሻሻያዎች ሁሉ የማላመነታበት ፍሬን ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች የፍሬን ዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በሁለት መስመር የሚሠራውን የኋለኛውን ሞዴል ማስገባት ሰዓታት የሚወስድ ሥራ ነው፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ደግሞ የታሪክ ጥራት አያሳስበውም። ባለ 6 ቮልት ኤሌክትሪክን ወደ 12 ማሳደግ ከዚህ ይከተላል፤ የድሮው መብራት በሌሊት ከመንገዱ ይልቅ ራሱን ነው የሚያሳየው። ጉልበት መጨመር የመጨረሻው ነው፣ ያውም ፍሬኑ ከተስተካከለ።

የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠምም መጥቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ያሳያት ኢ-ቢትል የተባለች የኤሌክትሪክ ቮልስ 60 ኪሎ ዋት ሞተርና 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበራት። ክብደቷ ግን 1,280 ኪሎ ግራም ደረሰ፤ ዋናዋ 800 ገደማ ነበረች። ክብደቱ ስለጨመረ ፍሬኑም ድጋፉም አብረው መጠናከር ነበረባቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ሐሳብ እኛም ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። ባትሪውን ብቻ ገዝቶ የድሮ ከበሮ ፍሬን ላይ የሚጭን ሰው ግን መኪና ሳይሆን አደጋ እየሠራ ነው።

መኪናዋን ከመግዛት በፊት ሊብሬው ይታይ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ቮልስ ደግሞ በዕድሜዋ ሞተር ያልቀየረች እምብዛም አትገኝም። የወለል እድሳት ሲሠራ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበት የጀርባ አጥንት ቁራጭ ፈጽሞ እንዳይቆረጥ ለበያጁ አስቀድሞ ይነገረው፣ በኖራም ይከበብ። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ የጠፋን መኪና ባለቤትነት ማስረዳት የተበላ ወለል ከመቀየር በላይ ያለፋልና። ሞተር የሚቀይር ሰውም አሮጌውን ሞተር ከመሸጡ በፊት የአዲሱን ቁጥር ያስመዝግብ።